«አለ» ወይም «የለም»

ቅጹ ሠላሳ አንድ ጥያቄ ነበረው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ለፊት ሁለት ጠባብ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «አለ» ይላል፣ ሌላው «የለም»። ፀሐይወርቅ ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ባዶ ነው።

«አስተያየት የሚጻፍበት የት ነው?» አለች።

«አስተያየት አያስፈልገውም» አሉ አቶ ደሞዝ፣ እንደ ቆሙ። «ድረ ገጹን ትከፍቻለሽ፣ የተጠየቀው ነገር ካለ አለ ትያለሽ፣ ከሌለ የለም። በሁለት ሳምንት ያልቃል። ከዚያ ሰኞ ድረ ገጹ ይመረቃል።»

«ግምገማው ሳያልቅ የምረቃው ቀን ተቆረጠ?»

አቶ ደሞዝ ፈገግ ብለው ወጡ። የኮሌጁ ምክትል ዲን ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የጀመሩት ነገር እስኪያልቅ እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ ካለቀ በኋላ ግን ምን እንደ ነበር እንኳ የማይጠይቁ ሰው ናቸው። ፀሐይወርቅ ባሕር ዳር ባለው በዚህ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ብዙ አለቃ አይታለች። ተማሪ መጥቶ «ያችን ሰማያዊ ሽፋን ያላትን» ሲላት የትኛዋ እንደ ሆነች የምታውቅ፣ መጽሐፍ ያለቦታው ተቀምጦ ካየች ምሳዋ የማይወርድላት ሴት ናት። ግምገማው ለእሷ መሰጠቱም በዚሁ ጠባይዋ ነው።

የሚገመገመው ድረ ገጽ «ዕልባት» ይባላል። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች የሠሩት ነው። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ የወደደውን ገጽ አድራሻ እዚያ ያስቀምጣል፤ ለገጹም መለያ ቃል ይሰጠዋል። ሌላው ሰው ደግሞ በዚያው ቃል ፈልጎ ያገኘዋል። ለራሱ ብቻ የሚያስቀምጠውን «የግል» ብሎ ይሸሽገዋል። ሰው ያስቀመጠውን ሌላው ያያል፣ ይቀባበላል፣ ይመሰጋገናል። መምህራኑ በየቴሌግራሙ የሚበትኑትን ሊንክ አንድ ቦታ ይሰበስባል ተብሎ ነው የታሰበው። ሐሳቡን ፀሐይወርቅ ወዳው ነበር። አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ዘጌ ካሉት አድባራት በአንዱ ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው፤ በዳዊታቸው ቅጠሎች መካከል የሚያስገቧትን ቀይ ክር እልባት ይሏት ነበርና ስሙም ደስ ብሏት ነው የጀመረችው።

ስድስት መምህራን በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። የዓሣ ሀብት መምህሩ ባምላክ፣ የዕፀዋት መምህርቷ ጸሎት፣ የሒሳብ መምህርቷ ሔራን፣ ሦስት ሌሎችም። እሷ አስተዳዳሪ ሆነች። አቶ ደሞዝም ሰዉ እንዲነቃቃ ብለው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያለው ትልቅ ቲቪ ከድረ ገጹ ጋር እንዲገናኝ አዘዙ፤ ማን ምን እንዳስቀመጠ በየደቂቃው ይታይበታል።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይወርቅ «ዓሣ» ብላ ፈለገች። አራት ገጽ መጣላት። ባምላክ ግን ከሃያ በላይ እንዳስቀመጠ ነግሯታል። ደወለችለት።

«እኔ እንጃ» አለ ባምላክ። «አሳ ብዬ ነው መሰለኝ የጻፍሁት። በስልክ ስጽፍ ደግሞ ራሱ የሚያመጣልኝን ነው የምነካው።»

«አሳ» ብላ ስትፈልግ ዘጠኝ መጣ። «ዓሳ» ስትል ስድስት። «አሣ» ስትል ሦስት። አንዱ ዓሣ አራት ቦታ ተቆራርጦ ተቀምጧል፤ አንዱን ያገኘ ሌላውን አያገኝም። ስለ ሩዝ የሚያስተምረው ባልደረባቸው ከይፋግ ማሳዎች ያመጣውን ሁሉ «ምርጥ ዘር» ከሚለው በታች አስቀምጦ፣ ሌላው ሰው ሁለቱን ቃል አጣብቆ በመጻፉ አይገናኙም። ይባስ ብሎ የድረ ገጹን ስም ራሱን በአልፋው አ «እልባት» ብላ ስትፈልግ «ምንም አልተገኘም» አላት።

ፀሐይወርቅ በፊደል ነገር ቀልድ አታውቅም። ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ፣ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ ለይታ እንድትጽፍ አባቷ ገና በሰባት ዓመቷ በዓይናቸው እየገረፉ አስተምረዋታል። ሰው በተሳሳተ ፊደል ሲጽፍ እንደ ጠጠር ይቆረቁራታል። ቅጹን አውጥታ ዘጠነኛውን ጥያቄ አነበበች። «በመለያ ቃል የመፈለግ አገልግሎት።» አለ እንዳትል አይሠራም፤ የለም እንዳትል አለ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለቴዎ ደወለች። ቴዎ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው፤ ጥያቄ ካለ እሱን እንድታናግር ስልኩን ሰጥተዋታል።

«ሲስተሙ እንደተጻፈው ነው የሚያነበው» አላት ቴዎ፣ በጨዋ ድምፅ። «ፊደሉ ከተለያየ ለኮምፒውተሩ የተለያየ ቃል ነው።»

«ለሰው ግን አንድ ዓሣ ነው።»

«ገብቶኛል። ተጠቃሚው ይለምደዋል።»

«ምኑን ነው የሚለምደው? አንዷን ቃል አራት ጊዜ መፈለጉን?»

«እርስዎ አስተዳዳሪ አይደሉ? ‹ማዋሐድ› የሚል ቁልፍ አለልዎት። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ያዛውራል። የተበታተነውን በእሱ መሰብሰብ ይችላሉ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ መብራቱ አንድ ጊዜ ሄዶ መጣ፤ እሷ ግን አልተነሣችም። አሳን፣ ዓሳንና አሣን ወደ ዓሣ። ሃይቅን ወደ ሐይቅ። እጽዋትን ወደ ዕፀዋት። እያንዳንዱ ቃል ሲሰበሰብ፣ የተንጋደደ መደርደሪያ እንዳቃናች ሁሉ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቦታውን ይይዛል። ወደ ቀትር ገደማ «ህክምና» የሚለው ላይ ደረሰች። ጸሎት ስለ ባህላዊ መድኃኒት ያስቀመጠቻቸው ሦስት ገጾች ይታያሉ። ከቃሉ አጠገብ ያለው ቁጥር ግን አሥራ አራት ይላል። መቁጠሩንም አያውቅበትም ማለት ነው ብላ በልቧ አጉረመረመች። «ወደ ‹ሕክምና› ይዛወር?» አላት። አዎ አለች። «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። አዎ አለች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሻይ ልትጠጣ ወደ መምህራን ማረፊያ ገባች። ሌላ ጊዜ የሚጯጯኸው ክፍል ጸጥ ብሏል። ሰባት ስምንት ሰው ይሆናል፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከቲቪው ወደ ስኒያቸው፣ ከስኒያቸው ወደ ቲቪው ይመልሳሉ። ፀሐይወርቅ ቀና ብላ አየች።

«ሔራን አስቀመጠች፦ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይፀነስ ሲቀር ምን ይደረጋል?» ከሥሩ፣ «ሔራን አስቀመጠች፦ የመካንነት ምርመራ የሚያደርጉ ክሊኒኮች ዝርዝር።» ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ። አሥራ አንድ ጊዜ።

ለአፍታ ምን እንደምታይ አልገባትም። ከዚያ አሥራ አንድና ሦስት ስንት እንደ ሆነ አሰበች። ሪሞቱን ፈለገች፤ የለም። ወንበር ገፍታ ከቲቪው ኋላ ገባችና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ዞር ስትል ሔራን በሩ ላይ ቆማለች፤ በእጇ የነጭ ሰሌዳ ማርከር ይዛለች። መቼ እንደ ገባች፣ ምን ያህል እንዳነበበች የሚያውቅ የለም። ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ወጥታም ሄደች። ጠዋት ያስቀመጠችው ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ሔራን የአዳማ ልጅ ናት። ባሏ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ሲቀጠር ተከትላው መጣች፤ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው ቤታቸው። በከተማው ዘመድ የላትም። ለማንም ብዙ አትናገርም፣ ማንንም አታስቀይም። ፀሐይወርቅን «እትዬ» ትላታለች።

በዚያን ቀን ፀሐይወርቅ ምሳ አልበላችም። በራሷ ስም አንድ ስለ ባቄላ ወጥ የሚያወራ ገጽ አስቀመጠች፤ «የግል» የሚለውን ምልክት ነካች፤ ገጹ ተደበቀ። ከዚያ መለያ ቃሉን ከሌላ ቃል ጋር አዋሐደችው። ባቄላው ለሁሉ ሰው ወጣ። ደገመችው፤ ወጣ። ሠለሰችው፤ ወጣ። በአምስተኛው ጥሪ ቴዎ አነሣላት። የሆነውን ነገረችው፤ የሰው ስም ግን አልጠራችም።

«ሲዋሐድ አዲስ መለያ ነው የሚፈጠረው» አለ ቴዎ። «አዲስ ነገር ደግሞ ሲፈጠር ክፍት ሆኖ ነው። ስሕተት እንኳን አይባልም፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«ሰው ቆልፎ ያስቀመጠውን የሚከፍት አሠራር ነው?»

«በሚቀጥለው ማሻሻያ እናየዋለን። ጥያቄዎን መዝግቤዋለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ ጥያቄ አልጠየቅሁህም። የሆነውን ነው የነገርሁህ።»

«ገብቶኛል» አለ ቴዎ። ይህን ቃል ሲላት ሁለተኛው ነው። ስልኩን ዘጋች። የምትቆጣው በማን ላይ እንደ ሆነ መለየት አቃታት። ልጁ አልዋሸም። ቁልፉን የነካችው እሷ ናት። ቁጥሩ ሲነግራት ቁጥሩን የሰደበችውም እሷ ናት።

ሔራን ሁለት ቀን ስልክ አላነሣችም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፀሐይወርቅ የሔራንን ቦርሳ ይዛ ከመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ጠበቀቻት። ሔራን ቦርሳዋን ተቀበለች፤ አመሰገነች። «እንሂድ» ያለችው ግን ሔራን ናት። ባጃጅ ሳይሳፈሩ በእግራቸው ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ፤ ከመዝናኛዎቹ አለፍ ብሎ፣ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት አካባቢ አንድ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ከወዲያ ማዶ ደመናው ውኃው ላይ ተኝቷል።

«ምን እንደሚያናድደኝ ታውቂያለሽ?» አለች ሔራን። «መታየቱ አይደለም። መታየቱስ ታየ። ከሰኞ ጀምሮ ያልመከረኝ ሰው የለም። ጸሎት ሥር በጥብጣ በሃይላንድ አመጣችልኝ። ባምላክ እህቱ ባገባች በዘጠኝ ዓመቷ መንታ እንደወለደች ነገረኝ። የግቢው ጥበቃ የጠበል ቦታ ጠቆመኝ፤ ጀልባውን ማን እንደሚያከራይ ሁሉ አስረዳኝ። ሁሉም ደግ ናቸው። ደግነታቸው ነው ያሰለቸኝ።»

ሔራን የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠቀለለች።

«ባለቤቴ ትላንት ፋብሪካ ምሳ ሲበላ አንድ ሰው ትከሻውን መታ አድርጎ ‹አይዞህ› አለው። በምን እንደሚጽናና አልገባውም። ክሊኒክ እንደምፈልግ አልነገርኩትም ነበር፤ እሱ ‹ጊዜ አለን› ነው የሚለው። ማታ እኔን ጠየቀኝ። ከኔ መስማት ነበረበት፤ ከምሳ ቤት ሰማ።»

«እኔ ነኝ» አለች ፀሐይወርቅ።

ሔራን ዞር ብላ አየቻት።

«አንቺ በሃሌታው ሀ ጽፈሽው ነበር። ቅዳሜ ወደ ሐመሩ ሐ አዛወርሁት። ሲዛወር የተደበቀውን ሁሉ ያወጣል፤ ይህን አላወቅሁም። ግን አሥራ አራት የሚል ቁጥር አይቻለሁ። የሚታየኝ ሦስት ነበር። አሥራ አንዱ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም።»

አንድ ሰው በታንኳ ሲቀዝፍ አልፎ ከዓይናቸው ራቀ።

«በሐመሩ ሲጻፍ ምን ይለያል?» አለች ሔራን በመጨረሻ። ለማፌዝ አልነበረም፤ በእውነት ነው የጠየቀችው።

ፀሐይወርቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት። ሕክምና ከግእዙ ነው፣ ሥሩ እንዲህ ነው፣ ፊደሉ ሲለወጥ ምሥጢሩ ይለወጣል። ይህን ሁሉ ተወችው። «ለአንቺ ምንም» አለች።

«በግምገማው ምን ልትጽፊ ነው?»

«ቅጹ መጻፊያ የለውም።»

«ብቻ ስሜን እንዳትጽፊ።»

«አልጽፍም።»

ሔራን ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ይቅር አላለቻትም፤ አልረገመቻትምም። «በይ ደህና ዋይ እትዬ» ብላ ብቻዋን ወደ መንገዱ ወጣች።

ፀሐይወርቅ ሐሙስን ሙሉ ጻፈች። ቅጹን በሐቅ ሞላችው። የግል ማድረጊያ፦ አለ። ቃላትን ማዋሐጃ፦ አለ። በመለያ ቃል መፈለጊያ፦ አለ። ሲደመር ሃያ ዘጠኝ አለ፣ ሁለት የለም። ከዚያ በተለየ ወረቀት አንድ ገጽ ተኩል አስከተለች። የተደበቀ ገጽ እንዴት እንደሚወጣ በባቄላው ምሳሌ አስረዳች፣ አንድ ቃል በስንት ፊደል እንደሚበታተን ቆጥራ ጻፈች፣ ይህ ሳይስተካከል መምህርም ተማሪም እንዳይመዘገብበት ብላ ዘጋች። ዓርብ ጠዋት ለአቶ ደሞዝ አቀረበች።

አቶ ደሞዝ የመጀመሪያውን ወረቀት አይተው ፊታቸው በራ። «ሃያ ዘጠኝ ከሠላሳ አንድ። ግሩም ነው።»

«ሁለተኛውንም ያንብቡት እንጂ።»

አነበቡ፤ ወይም ዓይናቸውን አሳለፉበት። «ይኼ በቅጹ ላይ ያልተጠየቀ ነው።»

«ስላልተጠየቀ ነው በሌላ ወረቀት የጻፍሁት።»

«ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ የኮሌጁ ቦርድ ድምሩን ነው የሚያየው። የሰኞው ነገር አሳዝኖናል፤ ቲቪውን ነቅለናል፤ አለቀ። ይኼን አያይዤ ባቀርብ ‹ታዲያ ለምን ሃያ ዘጠኝ አላችሁ?› ይሉኛል። ምን ልበል?»

«አለ ማለትና ይሠራል ማለት ለየቅል ነው ይበሏቸዋ።»

«ፈርሚና ሂጂ።»

«ይህ ካልተያያዘ አልፈርምም።»

አቶ ደሞዝ አልተቆጡም። ባምላክን አስጠሩት፤ እሱም ገምጋሚ ሆኖ ተመዝግቧልና። ባምላክ ቆሞ ከእሷ ወደ እሳቸው አየ፤ አንገቱን እየነካካ ፈረመ። ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ወጣ። «የጋራ ሰላም ይሻላል ብዬ ነው» አላት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብላ ልትመልስለት ፈልጋ ተወችው። ሊያኮርፉት የሚቻል ሰው እንኳ አልነበረም።

ግን ወረቀቷን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አልተመለሰችም። ደረጃውን ወርዳ መዝገብ ቤት ገባች። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ወይዘሮ የብርጓል ጡረታቸው የቀረበ፣ ከመነጽራቸው በላይ ሰው የሚያዩ ሴት ናቸው።

«ይህን ገቢ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። «ለምክትል ዲኑ፣ ግልባጭ ለቦርዱ።»

ወይዘሮ የብርጓል ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበቡት። ማኅተሙን ቀለም አጠቀሱት፣ ቁጥር ሰጡት፣ ቀን ጻፉበት፣ በትልቁ መዝገብ ላይ አሰፈሩትና አንዱን ቅጂ መለሱላት። ቁጥር ያለው ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል፤ ይህን ኮሌጁ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ አቶ ደሞዝ ደውለው «ይኼን ማድረግ አልነበረብሽም» አሏት፤ ስልኩንም ዘጉ።

ምረቃው ሰኞ ተደረገ። ቴዎ ራሱ መጣ፤ በስልክ ካሰበችው ይልቅ ልጅ ነበር። ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ታደለ፣ ጭብጨባውም አልቀረም። ፀሐይወርቅ ከኋላ ተቀመጠች። ቦርዱ ለደብዳቤው መልስ የሰጠው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። የማዋሐጃው ቁልፍ እንዲዘጋ፣ ተመዝጋቢዎች የግል ነገር እንዳያስቀምጡ በማስታወቂያ እንዲነገራቸው፣ ሠሪዎቹም እንዲያስተካክሉ ይጻፍላቸው ይላል። የድረ ገጹን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚከታተለው ሰው ደግሞ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንድትሆን ይላል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር ስለነበረው አይደለም።

አሁንም ትከታተለዋለች። የተደበቀውን የሚያወጣው ነገር በኋላ ተስተካከለ፤ በባቄላዋ ሞክራ አረጋግጣለች። ዓሣው ግን እስከ ዛሬ አራት ቦታ ነው ያለው። አዲስ መምህር ሲመዘገብ አጠገቧ አስቀምጣ፣ የፈለገውን ፊደል ይጻፍ፣ ሲፈልግ ግን በአራቱም እንዲፈልግ ታስረዳዋለች። አንዳንዱ ይሰማታል፤ አብዛኛው በሁለተኛው ቀን ወደ ቴሌግራሙ ይመለሳል። ስትናደድ ቤት ሄዳ ለአባቷ ትደውላለች፤ የምታወራው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሔራን አካውንቷን አስጠፋችና በድረ ገጹ ዳግመኛ አልታየችም። ሰላምታዋ ለወራት አጭር ነበር። በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች፤ ፀሐይወርቅ ጠረጴዛ ዘንድ ቆም አለች።

«እትዬ፣ ፕሪንተርሽ ይሠራል?»

«ይሠራል። ወረቀቱን ብቻ አንዳንዴ ይነክሳል።»

ሔራን ስልኳን ከማሽኑ ጋር ስታገናኝ ፀሐይወርቅ ተነሣች። «ቦታው የምመልሰው መጽሐፍ አለኝ» ብላ ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ገባችና ማሽኑ ድምፁን እስኪያቆም እዚያው ቆየች። ስትመለስ ሔራን ወረቀቶቹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታለች።

«አንዱን ነክሶት ነበር» አለች ሔራን። «አወጣሁት።»

«አንቺ ታውቂበታለሽ» አለች ፀሐይወርቅ፤ ሔራንም ትንሽ ቆማ ስለ ክረምቱ ፈተና አወራችላትና ሄደች።